ሣር ላይ የቆመች ጀልባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ አባዬን የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። ሐኪሟ እሱን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ እኔን ብቻዬን አስገባችኝ። የዓይኑ ግፊት አልወርድ ብሏል። ከጎን የሚያየው ጠፍቷል፤ የቀረው በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው፣ ቱቦውም እየጠበበ ነው አለችኝ። «ስንት ጊዜ አለው?» አልኳት። «ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። ማየት የሚፈልገው ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር አሳዪው።»

ማየት የሚፈልገውን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም። የታክሲውን በር ሳልዘጋ፣ «ቀዛፊዬ፣ መቼ ነው ወደ ውሃው የምትወስጂኝ?» አለ። በልጅነቴ ጀልባው ላይ ከኋላው ተቀምጬ አጭሯን መቅዘፊያ እይዝ ስለነበር እስከ ዛሬ በስሜ አይጠራኝም። «ጀልባዬን አንድ ጊዜ ልያት፤ ከዚያ ቢጨልምም ይጨልም» አለ። ባለታክሲው በመስታወቱ አየኝ። «በሚመጣው ቅዳሜ» አልኩት። አስጎብኚ አይደለሁ፤ አፌ ሥራ አይፈታም።

ሥራዬ ሰውን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወስዶ እሑድ ማታ መመለስ ነው። አባዬ የተወለደበት፣ ዓሣ ያጠመደበት፣ በኋላም ሰው ያሻገረበት ሐይቅ ነው። ታሞ እኔ ቤት ከገባ ሁለት ዓመት አለፈው። በነዚህ ሁለት ዓመታት ስንቱን የማላውቀውን ሰው ወሰድኩ፤ ሙሽሮች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ከነውሻው የመጣ ሰውዬ። አባዬን አንድም ቀን አልወሰድኩትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

በጥድፊያ። የነገው አውቶቡስ ሞልቷል። ሃያ ስምንት መቀመጫ፣ ሃያ ስምንት ሰው፣ እኔ ተጣጣፊዋ ወንበር ላይ። ለአባዬ ነገርኩት። «ሰው ቢቀርስ?» አለኝ። አይቀርም አልኩት። ሰበብ አይደለም፣ ዝርዝሩ ይኸው እጄ ላይ ነው።

የማስታወኪያ ፌስታል። የማይክራፎኑ ባትሪ። ለጎረቤታችን፣ ለጡረተኛዋ ነርስ፣ አባዬን ቅዳሜ ማታ እንድታይልኝ መንገር።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ተመለስኩ። ማንም ውሃ ውስጥ አልወደቀብኝም፤ አንድ ባልና ሚስት ብቻ የመኝታ ክፍሉን ማን እንደመረጠ ተጣልተው እስከ ቤታቸው ሳይነጋገሩ ተመለሱ።

ጫማዬን ሳላወልቅ አባዬ ጀመረኝ። የእሑድ ማታ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አይለወጥም። መጀመሪያ «ውሃው እንዴት ዋለ?» ይላል። ነፋሱን፣ ቀለሙን፣ እስከ የትኛው ድንጋይ እንደሸሸ እነግረዋለሁ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሷስ?» ይላል። እሷ ጀልባዋ ናት።

«ደህና ናት። ባለባርኔጣው በየማታው ያጠጣታል» አልኩት። ባለባርኔጣው የድሮ የሥራ ጓደኛው ነው፣ አሁንም ሰው ያሻግራል። ሲተኛም ባርኔጣውን የሚያወልቅ አይመስለኝም።

«ጎሽ» አለ አባዬ። «ከውሃ የወጣች ጀልባ በየቀኑ ካልጠጣች እንጨቷ ይኮማተራል። ስንጥቁ አንዴ ጣት ካስገባ በኋላ ሬንጅም አይመልሰው።» ይህን ቢያንስ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። መቶውንም ጊዜ አንገቴን ነቅንቄያለሁ።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽ። ጀልባዋን ማንም አያጠጣትም። የሚጠጣው አበባው ነው። ጀልባዋ መንገደኞቻችን በሚያድሩበት ሎጅ ግቢ ሣር ላይ ቆማለች፤ ሆዷ አፈር ተሞልቶ ቀይ አበባ ተተክሎባታል። የዛሬ ሁለት ዓመት አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ይተርፋል አይተርፍም ሲባል፣ የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ዳር ላይ ተገልብጣ የተቀመጠችውን ጀልባ ለእንግዶች ፎቶ መነሻ ሊያደርጋት ፈልጓል፤ ከሰጠሁት ለኛ መንገደኞች በየቅዳሜው አሥር ክፍል ሳይጓደል ይይዝልናል። አለቃዬ አጠገቤ ነበር፤ አሥሩን ክፍል ሰማ እንጂ ጀልባዋ የማን እንደሆነች አልጠየቀም። ፈረምኩ። አባዬ ይነሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር ብል ደግሞ ምን ዓይነት ልጅ እባላለሁ። ግን ተነሣ፤ ገና ዓይኑን ሲገልጥ የጠየቀኝ ስለሷ ነው። ደህና ናት አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ደህና ናት።

ይህም አልበቃኝም። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ «ባለቤቷ የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በማዕበል ሰጥሞ ቀረ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰዉ ግን ወደደው። እያደር ጀልባዋን መቶ ዓመት አስሞላኋት። አሁን አዳዲስ አስጎብኚዎች በቃላቸው የሚያጠኑት ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስለሷ ስነግረው ግን ፊቱ ይበራል። ይህ ውሸት አይደለም፣ በዓይኔ የማየው ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን አፈሰሰው። «ብርጭቆው ነው የሸሸኝ» አለ ሊያስቀኝ። ሳቅኩለት። ማድ ቤት ገብቼ ጨርቁን ስጨምቅ የሆነ ነገር ቀለል አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የትናንቱን የመጨረሻ ሁለት መስመር ሰርዤው ነበር። መልሼ ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ሴትዮ ታመምኩ ብላ ቀረች። አራተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ባዶ ነው። አባዬን ዞሮ ለማንሳት ሃያ ደቂቃ ይበቃን ነበር። የላይፍ ጃኬቶቹን ጆንያ አስቀመጥኩበት። ሹፌሩ «ከታች ቦታ አለ እኮ» አለኝ። እዚህ ይሻላል አልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ባለባርኔጣው ከፈረምኩበት ቀን ጀምሮ ሰላም አይለኝም። ዛሬ ግን ገመዱን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ «ሰውዬው እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው።»

«ዓይኑስ?»

«እየደከመ ነው።»

«እና ጨርሶ እስኪደክም ነው የምትጠብቂው?»

የሚጠራኝ እንግዳ ያለ መስዬ ጥዬው ሄድኩ። ምን ማለቱ ነው? ሥራ የሌለኝ ይመስለዋል። እሱ ሁለት ሰው አሻግሮ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ እኔ ሃያ ስምንት ሰው ቆጥሬ ወስጄ ቆጥሬ እመልሳለሁ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ በልቤ ስመልስለት ቆየሁ።

ስንመለስ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «ባለቤቷን ዓሣ ነው የበላው አሉ» አለች አንዷ። ዓሣውን እኔ አልጨመርኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ተነሥቼ ሳሎን ስገባ አባዬ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቷል፤ አገጩ ሥር ደም አለ። የጀልባ ካፖርቱን ለብሷል፣ ቦርሳው ጉልበቱ ላይ ነው። «ዛሬ ነው አይደል?» አለ።

ስድስት መቀመጫ ባዶ ነበር። «ትንሹን አውቶቡስ ላኩብኝ፤ ቦታ የለም» አልኩት።

«ተጣጣፊዋ ላይ እቀመጣለሁ። ቀጭን ነኝ።»

«እሷ የኔ ናት አባዬ።»

እሺ አለ። አልተቆጣም። ካፖርቱን አወለቀና ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ሄደ። መስቀያውን ሁለት ጊዜ ሳተው። በሦስተኛው እኔ ልሰቅልለት እጄን ስዘረጋ «ተዪ፣ ይረፍድብሻል» አለኝ።

አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ በማይክራፎኑ እንኳን ደህና መጣችሁ አልኩ። ድምፄ ምንም አልሆነም፣ ጥርት ያለ ነበር። ያ ነው ያናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አንድ ወር አልጻፍኩም። ጉዞ በዛ። አለቃዬ ታመመ። አባዬ ጉንፋን ያዘው፣ ከጉንፋን ጋር ደግሞ ነፋስ አይሆንለትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንድ በአንድ ማስረዳት እችላለሁ።

ከትናንት ወዲያ «ብርሃኑን አያለሁ፣ መስኮቱን ግን አላየውም» አለኝ። ዛሬ ሐኪሟ በባትሪዋ እያየችው ብዙ ቆየች። ስንወጣ እኔን ወደ ኋላ አስቀርታ፣ «ያልኩሽን አሳየሽው?» አለች።

«ሥራ በዛብኝ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምንም ሳትል ማየቷን ከዚህ በፊት የሠራሁት ጥፋት ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት እጇ ላይ ያለ ያህል ፈራሁት።

ማታ፣ «አባዬ፣ ከሚመጣው ቅዳሜ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንሄዳለን። ቦታህን ይዣለሁ» አልኩት።

«አሁን?» አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ባለባርኔጣውን ወደቡ ላይ ለመንኩት። ለአንድ ሰዓት ጀልባውን እንዲሰጠኝ። አባዬ ሲገባ የራሱ እንድትመስለው።

«እኔ አልዋሽም» አለኝ።

«ዝም በል ብቻ።»

«ዝም ማለቱን ሁለት ዓመት ለምጄዋለሁ» አለ። ግን እሺ አለ።

ሁለቱም የእንጨት ናቸው፣ ርዝመታቸውም አንድ ነው። አያይም። ደስ ብሎት ይመለሳል። ማንም አይጎዳም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ አለበለዚያ እየዘለልኩ እጽፈዋለሁ።

ትናንት አባዬን አራተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት። መንገዱን ሁሉ መዳፉን መስታወቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሹፌሩ ወደ ሐይቁ ሳይታጠፍ አባዬ «መጣን» አለ። ጠረኑ ነግሮት ነው።

ወደቡ ላይ ባለባርኔጣው ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፤ ገና ትናንት አየሁ። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አባዬን ደግፈን ጀልባዋ ውስጥ አስገባነው። እንደተቀመጠ እጁን በጠርዟ ላይ አስኬደ። መቅዘፊያው የሚገባበት ጋ ሲደርስ ቆመ። አንዴ ወደ ኋላ መለሰውና እንደገና እስከዚያው ድረስ አመጣው። ከዚያ መቅዘፊያውን ያዘ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቀዘፈ። ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ ውሃው ግን አልረጨም። ፊቱ እንደ እሑድ ማታው በራ፤ እኔም ተሳካ ብዬ ነበር። ወደ ዳር ስንቀርብ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ጥሩ ጀልባ ናት» አለ። «የማን ናት?»

ባለባርኔጣው ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ያንተ ናት እንጂ አባዬ» አልኩት።

«እ» አለ።

ሎጁ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬው የእንግዶቹን ቁልፍ ልቀበል ሄድኩ። ሌላ ቡድን ይዛ የመጣች አዲስ አስጎብኚያችን ነበረች፤ ታታሪ ልጅ ናት። ቁልፉን ይዤ ስወጣ ሰዎቿን ከአባዬ አሥር እርምጃ ራቅ ብላ ሰብስባ ትናገራለች። ወረቀቴን ቃል በቃል ነው የያዘችው።

«ይህች ጀልባ መቶ ዓመት ያስቆጠረች ናት። ጎኗ ላይ የጫማ ሶል የመሰለ የቆርቆሮ ጥፍጣፊ ታያላችሁ።»

ጥፍጣፊውን አባዬ ከዘይት ጣሳ ቆርጦ የለጠፈው እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ነው። ምስማሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አንገቱን ቀና ሲያደርግ አየሁት። ቁልፎቹን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ባለቤቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ ቀን በማዕበል ሰጥሞ ቀረ፤ ጀልባዋ ግን በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ወደ ዳር ተመለሰች።»

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አባዬ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ።

«ልጄ፣ ሰውዬው መቼ ነው የሞተው?» አላት።

«ኧረ ድሮ ነው አባቴ። ብዙ ዘመን ሆኖታል።»

«ቤተሰብ አልነበረውም?»

«አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው ይባላል።» ይህን እኔ አልጻፍኩም። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

«ነፍስ ይማር» አለ አባዬ፤ ተመልሶም ተቀመጠ። ከእንግዶቹ ሁለት ሦስቱ ለአዛውንቱ አክብሮት ብለው ነፍስ ይማር አሉ።

ሰዎቹ ሲበተኑ አጠገቡ ሄድኩ። ማን እንደመጣ አልጠየቀም። «ውሰጂኝ» አለ። ወሰድኩት። ጥፍጣፊውን አገኘው። ከሱ በታች ያለውን ስንጥቅ በጣቱ ተከተለው፤ ጣቱ ገባ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ውስጧን ሲዳስስ አፈሩን ነካ፣ አበባውን ነካ። እጁን ካፖርቱ ላይ ጠረገና «ደክሞኛል፣ ልተኛ» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ዛሬ መንገዱን ሁሉ ተኝቶ መጣ፤ ወይ የተኛ መሰለ። መዳፉን መስታወቱ ላይ አላደረገም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ተመለስኩ። ጫማዬን ቀስ ብዬ ፈታሁ፤ አንዱን ፈትቼ ጠበቅሁ፣ ሌላውን ፈትቼ ጠበቅሁ። ራዲዮ እያዳመጠ ነበር። «እራት በልተሻል?» አለኝ፣ በስሜ ጠርቶ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ስለ ውሃው አልጠየቀኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ወረቀቱን ከቢሮው መሳቢያ አውጥቼ ስለ ባለቤቷ የጻፍኩትን ሰረዝኩ። አለቃዬ «ሰዉ የሚወደው እሱን እኮ ነው» አለኝ። ባለቤቷ በሕይወት አለ አልኩት። «ማን ነው?» ሲለኝ ስልክ ጮኸ፤ እኔም ተሽቀዳድሜ አነሣሁት። አሁንም አልተናገርኩም ማለት ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ዛሬም አልጠየቀኝም። ራዲዮኑን ዘጋሁትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ሳለህ። ሰጥሞ ቀረ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ልጅቷ ያወራችው ባንቺ አወራር ነው። ትንፋሽ የምትወስጂበት ቦታ ሳይቀር።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ አሥሩን ክፍል፣ አበባውን፣ ባዶውን መቀመጫ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ነበር።

«በመስጠትሽ አልከፋኝም» አለ። «የሞትኩ መስሎሽ ነው፤ የሞተ ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል። ግን ዓይኔ እያለ ብታሳዪኝ፣ አፈር ሞልቷትም ቢሆን አያት ነበር።»

ለምን እንዳዘገየሁ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ይህን ደብተር አነብለት ነበር፤ ለእኔም የገባኝ መልሼ ሳነበው ነው።

ልነሣ ስል፣ «ስንጥቁ ከጥፍጣፊው ሥር ብቻ ነው ወይስ እስከ አፏ ጠርዝ ድረስ ይሄዳል?» አለ።

«እስከ አፏ ይሄዳል።» እውነቱን ነገርኩት።

«ከውጭ በኩል አጠጪው። አበባውን ሰዎቹ ያጠጡት፤ አንቺ እንጨቱን አጠጪው።»

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ከሎጁ ማድ ቤት ትልቅ ጆግ ተውሼ ጀመርኩ። እንጨቱ ውሃውን ወዲያው ይጠጣዋል፤ ገና ሳፈስበት ይጠቁርና ተመልሶ ይገረጣል። ከአፏ እስከ ጥፍጣፊው ለመድረስ አራት ጆግ ፈጀብኝ። የግቢው አትክልተኛ ከሩቅ ቆሞ ያየኛል፤ ምን ነካት እንደሚል አውቃለሁ።

እንግዶቼ ፎቶ ሊነሡ መጡ። ዛሬ ምንም አልተረክሁላቸውም። አንዲት ኮፍያ ያደረገች ሴት ልብሷ እንዳይረጥብ ራቅ ብላ፣ «ይቅርታ፣ አበባው እኮ ውስጥ ነው፤ እንጨቱን ለምን ታጠጪዋለሽ?» አለችኝ።

«የአባቴ ናት» አልኳት። «ነገ ማታ ይጠይቀኝ ይሆናል።»

ጆጉን ሞላሁና በሌላው ጎኗ ዞርኩ።